ላስቲኩ ያልተቀደደ ፍራሽ

ሸምሲያ ላይ ከተናደድኩ ሦስት ቀን ሆነኝ። ደግሞም እወዳታለሁ፤ ችግሩ እሱ ነው። ሩዋንዳ ሰፈር ባለው የእንግዳ ማረፊያችን እኔ ሪሴፕሽን ላይ እቀመጣለሁ፤ እሷ ከውጭ ለሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ታስተረጉማለች። ገርጂ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እንግሊዝኛውን ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠበች ከእንግዶች አፍ ለቃቅማ ነው የተማረችው፤ ስልጥኛውን ከእናቷ።

አንድ አመል አላት፤ የሰው ቃል ታሳምራለች። ፈረንጁ አንድ መስመር ከተናገረ እሷ ሦስት ታደርገዋለች። «ሾርባው ቀዝቅዟል» ያለ እንግዳ ወጥ ቤት ሲደርስ «እጃችሁ ይባረክ» ብሎ ያርፈዋል። እንስቅና እናልፈው ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ክረምት ላይ ሊንዳ የምትባል ሴት የምትመራው ቡድን ስልጤ ወዳለው የሸምሲያ እናት መንደር ሄደ፤ እሷም ለማስተርጎም አብራ ሄደች። ከጤና ኬላው ጎን አንዲት የማዋለጃ ክፍል ሠሩ። ሁለት ሳምንት ድንጋይ ተሸከሙ፣ ቀለም ቀቡ፣ አልጋና ፍራሽ አስገቡ፣ ከልጆች ጋር ፎቶ ተነሡ፣ አልቅሰው ተሰናበቱ። አምና አልመጡም። ዘንድሮ፣ ባለፈው ማክሰኞ፣ ቁርስ ላይ ሊንዳ ከመንደሩ የተላከላትን የክፍሉን ፎቶ በቴሌቪዥኑ አሳየች። ወለሉ ያበራል፤ ግድግዳው ላይ አንድ ጭረት የለም። «ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ጠብቀውታል!» ስትል ሁሉም አጨበጨቡ። ከዚያ ሥራቸው የስንቱን ሕይወት እንደለወጠ ተራ በተራ ማውራት ጀመሩ።

ሸምሲያ አላጨበጨበችም። ወደ እኔ መጥታ፣ «ፍራሹን አየሽው? ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም» አለችኝ። የአክስቷ ልጅ ፈቲያ እዚያ መንደር ነው የምትኖረው፤ ወሯ ገብቷል።

እዚያው ባንኮኒዬ ጋ ቆማ የክፍሉን ቁልፍ ለያዙት ሽማግሌ፣ ለሐጂ ሃይደር፣ ደወለች። እሳቸው እሷን የአዲስ አበባ ልጅ ነሽ ብለው ሁሌም በአማርኛ ነው የሚያናግሯት። እንድሰማ ብላ ድምፁን ከፈተችው።

«ሐጂ፣ ያ ክፍል ሰው አልወለደበትም እንዴ?»

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ? አደራ እኮ ነው! ያኔ ስትሄዱ፣ ‹ሴትዮዋ አደራ፣ ስንመጣ እንዳለ አስረክቡን ብላለች› ብለሽ የነገርሽን አንቺ ነሽ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልተኛበትም። በየጁምዓው ጠርገን እንቆልፋለን። አምና አንዲት ልጅ ምጥ ጠንቶባት መጣች። ኬላው ውስጥ አልጋ የለም፤ በረንዳው ላይ ወለደች። ቁልፉን ጨብጬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የሰው አደራ ነው ብዬ ተውኩት። ሕፃኑ አልተረፈም።»

ሸምሲያ ስልኩን በእጇ ሸፍና እውነቱን ነገረችኝ። ሊንዳ ያኔ ያለችው «ክፍሉ ያምራል፤ ስንመለስም እንዲህ አምሮ እናገኘው ይሆናል» ብቻ ነበር። አደራዋን ንግግሩ እንዲያምር ብላ የጨመረችው ሸምሲያ ናት።

«ሐጂ፣ ቃሉ የኔ ነው፤ ሴትዮዋ አላለችውም» አለች። «ፈቲያ ደርሳለች። በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ዛሬውኑ ይክፈቱት።»

እኔ ግን እንኳን ላዝንላት ጭራሽ ደሜ ፈላ። በሷ ብቻም አይደለም። ፎቶ ላኩልን የሚል ሰው፣ ስንት ልጅ ተወለደ ብሎ እንዴት አንድ ቀን አይጠይቅም?

ሐጂ ግን፣ «እንግዲያው የአደራው ባለቤት አንቺ ነሽ» አሉ። «አደራ በስልክ አይመለስም። ነይና ከእጄ ተረከቢ። ሕፃኑ የተቀበረበትንም አሳይሻለሁ።»

ሸምሲያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ መንደሩ ልትሄድ ወጣች። ሊንዳ ከቁርሷ ቀና ብላ ሽማግሌው ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። «ያመሰግናሉ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁትና የሰማሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። ሹካዋን አስቀመጠች፤ ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋው ሰው ጠፍቶ ፎቶው እስከ ምሳ ድረስ እዚያው ቆየ።

ትናንት ሸምሲያ ደወለች።

«ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩት» አለችኝ። «ፈቲያ ተኝታበታለች።»

ሌላ ቃል አልጨመረችም።