እሳት የተከለከለው አውቶቡስ

ሙቱፕ በሰሜን ሕንድ፣ በሌህ ተራሮች መሀል ናፍጣ አውቶቡስ ሲነዳ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ብርዱ ጠንቶ ናፍጣው ሲረጋ በቆርቆሮ የኩበት ፍም ያመጣና ከታንከሩ ሥር ያስቀምጣል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሞተሩ ይነሳል። የአገሩ ሾፌር ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ዘንድሮ ግን በሃይድሮጂን የሚሄድ አውቶቡስ መጣና ለዐሥር ቀን ሙከራ ሰጡት። ሙከራው ከሰመረለት መሪው የእሱ ነው። ጭስ የለውም፤ ከኋላው የሚወጣው ውኃ ብቻ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ሙቱፕ ሲነግሩትም አልገባውም። መሪውን ግን ከልቡ ወዶታል፤ ለሚስቱ ለያንግዶልም ሰሞኑን ሌላ ወሬ የለውም።

በዘጠነኛው ጧት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቁልፉን ቢያዞር ዝም፣ ደግሞ ቢያዞር ዝም። ተሳፋሪው ፌርማታ ላይ ቆሟል። እጁ ከአሳቡ ቀደመና ከዘበኛው ምድጃ ፍም ጭሮ ወደ አውቶቡሱ ገሰገሰ።

«አዣንግ-ሌ! አጎቴ! ኧረ ሊጨርሱን ነው!» መሐንዲሷ ኩንዜስ እየሮጠች መጥታ መንገዱን ዘጋችበት።

«በርዶት ነዋ! ረግቶ ይሆናል።»

«ሃይድሮጂን እኮ በዚህ ብርድ አይረጋም! ቢያፈተልክ አይታይ፣ አይሸት፤ እሳት ካገኘ አለቀልን።»

«ካልረጋ ታዲያ ምን ይዞት ነው?»

ኩንዜስ ጎንበስ ብላ አየች። ማታ ከኋላው ቱቦ ውስጥ የቀረው ውኃ በረዶ ሆኗል። «ራሱ ያወጣው ውኃ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ሽንቱ ተይዞበታል በሉኛ!» አለ ዘበኛው።

«እንግዲያ በርዶታል» አለ ሙቱፕ።

«በርዶታል። ግን እሳት አይሆንም።»

«በምን ይሟሟ?»

«የቱቦው ማሞቂያ ተበላሽቷል። መለዋወጫው ከደልሂ እስኪመጣ ፀሐይ መጠበቅ ነው።» ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን ይስጡኝና በአሮጌው አውቶቡስ ሰዉን ያድርሱ። ፍሙንም ወደዚያ ራቅ ያድርጉት።»

«ነገስ?»

«ነገም በአሮጌው።»

ቁልፉን ሰጣት። በዚያው ፍም አሮጌውን አሙቆ፣ ጥቁር ጭሱን እየለቀቀ ፌርማታው ደረሰ።

አንዲት አሮጊት እየተንቀጠቀጡ ወጡና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ጎሽ የኔ ልጅ! ያንን ጉድ ትተኸው መጣህ!»

«አልተውኩትም፣ አቢ-ሌ፤ ተነጠቅሁ» ሊላቸው ፈለገ። የተነጠቀው ግን እሱ ስላጠፋ ነው ወይስ ማሞቂያው ስለተበላሸ? በሩን ዘጋና ነዳ።