የእናቴ ስለትና የጣሪያው ሚስማር

በሐምሌ ጣሪያ የሚቀይር ሰው ጤነኛ አይደለም ብትሉኝ አልከራከርም። እኛ ግን ቀየርን። አሮጌው ቆርቆሮ የእናቴ አልጋ ላይ እያንጠባጠበ ምን ምርጫ ነበረን? ከከተማው ግንብ ፈላና በር ገባ ብሎ ባለው ቤታችን ላይ አናጢዎቹ ሁለት ቀን ሙሉ ሚስማር እየነቀሉ ግቢውና ደጃፉ ላይ ሲበትኑ ዋሉ። አሮጌውን ቆርቆሮ የወሰዱት ተሸካሚዎች ደግሞ የቀረውን በቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ላይ አንጠባጠቡት። ሲጨርሱ በመጥረጊያ ጠረግ ጠረግ አድርገው «ንጹሕ ነው» ብለውን ሄዱ። ጭቃው ግን የዋጠውን ውጧል።

እናቴ ስኳር አለባት፤ እግሯ ደንዝዟል። ዓምና ተረከዟ ላይ መርፌ ተሰክቶ ሦስት ቀን ስትሄድበት አላወቀችም። ካልሲዋ ላይ ደም አይቼ ነው ያገኘሁት። ቁስሉ በስንት መከራ ሲድን ሐኪሙ «ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ እግራቸውን ልናጣው እንችላለን፤ ቤት ውስጥም ያለ ጫማ እንዳይሄዱ» አለኝ።

ይህን ሁሉ የምታውቀው እናቴ ምን አደረገች? ጣሪያው ለፍልሰታ ከደረሰልኝ አሥራ ስድስቱንም ቀን በባዶ እግሬ ኪዳን እሄዳለሁ ብላ ለእመቤታችን ተሳለች። የሞት ሞቴን የነፍስ አባቷን ለምኜ አመጣሁ።

«ልጄ፣ በጫማም ብትሄጂ ትቀበልሻለች» አሏት።

«አባ፣ የተሳልኩት ለእርስዎ አይደለም» አለቻቸው። እሳቸው ሳቁ፤ እኔ በንዴት ጨስኩ።

ስለቱን ማስቀረት ካልቻልኩ መንገዱን ማጽዳት ሊኖርብኝ ነው። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አውጥቼ በሲባጎ እየጎተትኩ አንድ ከሰዓት ሙሉ አጎነበስኩ። ወገቤ ተቆረጠ፤ ያገኘሁት አምስት ሚስማር ነው። በነጋታው ሸዋ በር ገበያ ያየሁትን ሰፊ ባለ ጎማ ማግኔት ልገዛ ስወጣ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አባባ የምላቸው፣ ብየዳ ቤት ያላቸው ጎረቤታችን አስቆሙኝ።

«አቦ ተይ እንጂ! ሰፊው ለአስፋልት ነው» አሉ። «የእኛ መንገድ ድንጋዩ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ነው። ሰፊው ድንጋይ ላይ ይንጠለጠልና ሚስማሩን ጥሎት ያልፋል። አንቺ የሚያስፈልግሽ ጠበብ ያለ፣ ጎማው ተለቅ ያለ፣ ማግኔቱ ከመሬት አንድ ጣት ብቻ ከፍ ያለ ነው።»

እንዲህ ያለውን ራሳቸው ሠርተው ብረት ይለቅሙበት ነበርና አበደሩኝ። ማግኔቱን በላስቲክ ጠቀለሉልኝ፤ ላስቲኩ ሲገለጥ ሚስማሩ በራሱ ጊዜ ከሥሩ የተነጠፈ ማዳበሪያ ላይ ይረግፋል። መጀመሪያ መንገዱን በርዝመቱ፣ ቀጥሎ በአግድሙ ግፊ አሉኝ። እኔ መቼ ትዕግሥት ፈጠረብኝ! እያንደረደርኩ ስገፋ «ቀስ በይ፣ ሚስማሩ አይሸሽሽም» እያሉ ከኋላዬ ተከተሉኝ።

አንድ የቲማቲም ጣሳ ሙሉ ለቀምን። ከደጃፋችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩበት።

«በቃ አባባ፣ ጸድቷል» ብዬ ማግኔቱን መለስኩላቸው።

«ኢንሻአላህ» አሉ፣ እምብዛም ሳያምኑኝ።

ነሐሴ አንድ ጠዋት እናቴ ጫማዋን አውልቃ ወጣች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ እያንዳንዱን እርምጃዋን በዓይኔ እየተከተልኩ ሄድኩ። ስንመለስ እግሯን በለብ ባለ ውሃ አጥቤ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ገልጬ አየሁ። ምንም የለም። በየቀኑ እንዲሁ አደረግኩ፤ በየቀኑም ምንም አልነበረም። ሥራው ሁሉ የእኔ መስሎኝ ትንሽ ሳልኮራም አልቀረሁ።

ጾሙ በተፈታ ዕለት ላመሰግን ብየዳ ቤት ሄድኩ።

«አባባ፣ ጭረት እንኳ የላትም!» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ከመሣሪያ ሣጥናቸው አንድ የቆርቆሮ ሚስማር አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት። «ይህ የዘጠነኛው ቀን ነው። ደጃፋችሁ ላይ፣ ከደረጃው ሥር፣ ሹሉ ወደ ላይ ቆሞ አገኘሁት።»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም።

«ዝናቡ የተቀበረውን ያወጣዋል። እኔም ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ስመለስ፣ እናትሽ ሳይወጡ፣ ማግኔቱን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አንዴ ገፋ ገፋ አደርግ ነበር።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ወላሂ ብነግርሽ ታስቀሪያቸው ነበር። ስለት እኮ ነው።»

ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል በሁለት እጃቸው አነሡኝ። እናቴ ዛሬም በሁለት እግሯ ትሄዳለች።