ከሥር የሚያልፈው ጽሑፍ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ እትዬ ቤት እገባለሁ። ቤታችን አንድ ግድግዳ ይጋራል። እትዬ ብርቱካን ልጣ፣ ሪሞቱን ከነላስቲኩ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጠብቀኛለች። የምናየው የውጭ ተከታታይ ድራማ ነው፤ ሰዎቹ በማናውቀው ቋንቋ ያወራሉ፣ የሚሉት በእኛ ቋንቋ ከሥር ይጻፋል። እትዬ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ ፊታቸውን እያየች እሷ ትነግረኛለች። አምስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

በድራማው ውስጥ አንድ ዳኛ አለ፤ ቤቱ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ሸበቶ ሴትም አለች። እንደ እትዬ ከሆነ ሴትዮዋ እናቱ ናት፤ በልጅነቷ ወልዳ ለሰው ሰጥታው፣ አንድ ቤት ውስጥ አብራው ለመዋል ስትል ሠራተኛ ሆና የገባች። «እያት፣ ሾርባውን ስታቀርብለት እጇ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ» ትለኝና እንባዋ ይመጣል። እትዬ አልወለደችም።

እኔ ማንበብ እችላለሁ። የልብስ ልክ ስጽፍ ስለምታየኝ ቁጥር ብቻ የማውቅ ይመስላታል፤ እኔም አላረምኳትም። ከሥር የሚጻፈው ስለ ሾርባ፣ ስለ ቁልፍና ስለ መጋረጃ ነበር። የእሷ በስንት ጣዕሙ። ቀሚስ ሊለኩ የሚመጡ ደንበኞቼ ሳይቀሩ «እናትየዋስ ዛሬ ምን አደረገች?» ብለው ነበር የሚገቡት።

ከዚያ ባሏ ጡረታ ወጣ።

ሰፈሩ ማህተም ይለዋል፤ ፊት ለፊት ሲሆን ግን ጋሼ ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበር። ቀን ቀን ቴሌቪዥን አይቶ አያውቅም፤ ማታ ዜና ሰምቶ ይተኛል። በሽኝቱ ዕለት መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመው፤ እሱም ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀለው። ሁለት ሳምንት ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን ሲል ከረመ። በሦስተኛው፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ሲል፣ ክራባቱን እንዳሰረ መጥቶ እትዬ ወንበር ላይ ተቀመጠ። መነጽሩን አደረገና እጁን ዘረጋ። ሪሞቱን ሰጠችው።

«እቺ እናቱ ናት» አለችው እትዬ፣ እንግዳ እንደሚያስተዋውቅ ሰው።

«የማን እናት?»

«የዳኛው።»

ማህተም ከሥር ያለውን ጮክ ብሎ አነበበ። «‹የዓመት ፈቃዴን ከሰኞ ጀምሮ ይስጡኝ።› ይኸው። ሠራተኛ ናት። እናት ልጇን ፈቃድ ትጠይቃለች?» ሳቀ። «አምስት ዓመት ሙሉ ምን ስታዪ ነበር? ማንበብ ለማይችል ሰው ቴሌቪዥኑም ግድግዳውም አንድ ነው።»

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። ውሸቱን ነው በይኝ የምትል ትመስል ነበር። እኔ ከቀሚሴ ላይ ክር መልቀም ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አነበበ። ዳኛውን ወደደው፤ «ሥርዓት ያለው ሰው፣ ልክ እንደ እኔ» ይላል። ዳኛው አፉን ሲከፍት ዝም እንድንል እጁን ያነሳል። እትዬ ከኋላው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ብርቱካኑን ለእሱ ትልጣለች። ደንበኞቼ ስለ እናትየዋ ሲጠይቋት «ሠራተኛ ናት አሉ» ትላለች። ያኔ እውነቱን ልነግራት ይገባኝ ነበር፤ ማንበብ እያወቅኩ የአንቺን ነው የወደድኩት ልላት። ፈሪ ነኝ፤ አልነገርኳትም።

በሁለተኛው ዓመት የቆየ የስኳር በሽታው ዓይኑን ያዘው። መጀመሪያ ፊደሎቹ ጠፉት፣ ቀጥሎ ፊቶቹ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ክራባቱን በዳበሳ አስሮ ይመጣል።

«አንቺ ልብስ ሰፊ» አለኝ አንድ ቀን፣ «እስቲ አንብቢልኝ።»

እትዬ መላጡን አቁማ አየችኝ። እችላለሁ ብል፣ ያን ሁሉ ዓመት እያወቅኩ ዝም ማለቴ ሊወጣ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ከቁጥር በቀር አላውቅም» አልኩ።

«ሁለት መሃይም» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ሚስቱ ዞረ። «እሺ፣ አንቺው ንገሪኝ።»

ነገረችው። መጀመሪያ ያየችውን ብቻ ነበር፤ ገባ፣ ወጣ፣ ተቀመጠ። እያደር ግን ጣማት። ዳኛውን ከሥራ አስባረረችው። ቤቱን አቃጠለችበት። ማህተም ወንበሩ ላይ ኩርምት እያለ ሄደ፤ እኔም አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አንድ ቀን ከመምጣቱ በፊት ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረችው። መጥቶ ተቀመጠ፤ አላወቀም። ድምፁ ከጎኑ ሲመጣበት ጆሮውም የደከመ መሰለው። እኛ አፋችንን ይዘን ሳቅን።

የመጨረሻው ክፍል ሐሙስ ቀን ነበር።

«ዳኛው ሞተ» አለችው እትዬ።

ዳኛው አበባ በሞላበት ግቢ፣ አዲስ ሱፍ ለብሶ፣ ከሙሽራዋ ጎን ቆሟል። ማህተም ግድግዳው ላይ እንዳፈጠጠ «እንዴት ሆኖ?» አለ።

«ታሞ። ብቻውን።»

«ማን ቀበረው?»

«ማንም።»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያን ሰውዬ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። እትዬ አንድ ቁራጭ ብርቱካን አፏ ውስጥ ከተተች።

በዚህ መሃል ዳኛው ሙሽራዋን ትቶ ወደ ጓዳው በር ሄደ። ሸበቶዋ ሴት ሽርጧን እንደታጠቀች ቆማለች። እግሯ ሥር ተንበረከከ። ጽሑፉ ከሥር መጣ፦ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቄሻለሁ፣ እናቴ።»

በልቤ አነበብኩት።

የእትዬ እጅ ብርቱካኑ ላይ ቀረ። ባሏ እንዳይሰማ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ «ሠራተኛዋ ምን ሆና ነው እንዲህ የምታለቅሰው?» አለችኝ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ማህተም መጀመሪያ ባነበበ ቀን፣ እንዳየችኝ ነው ያየችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ» አልኩ።

«ከሥራ እያሰናበታት ይሆናላ» አለችና ሪሞቱን አንስታ አጠፋችው።