ባቄላ የቆጠርኩባት አስተማሪ

በደሉ ይጻፍልኝ፤ በዳይዋም እኔ ነኝ። አንዲትን አስተማሪ በተማሪዎቿ ፊት ሌባ ብያታለሁ።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። እህል በረንዳ ጥራጥሬ እየለቀምኩ የልጅ ልጄን አሳድጋለሁ። የምትማረው ከጭድ ተራ ጀርባ፣ አንድ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነበር። አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል እዚያው አንድ ላይ ነው የሚቀመጡት። አስተማሪዋ ወጣት ናት። ሰሌዳውን በጠመኔ ሦስት ቦታ ከፍላ ለአንዱ ስታስረዳ ሌሎቹ ይጽፋሉ፤ ቀድሞ የጨረሰ ታናሾቹን ያስነብባል።

የኔዋ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። "እማዬ፣ ዛሬ ፊደል አስቆጠርኩ" እያለች ደስ ብሏት ትመጣለች። እኔ ግን ተናደድኩ። የላክኋት ልትማር ነው ወይስ ልታስተምር?

የተማርኩት መሠረተ ትምህርት ብቻ ነው፤ በድርሻ ነገር ግን ማንም አያታልለኝም እል ነበር። በረንዳው ላይ ጆንያ ሲራገፍ፣ እንዳይሳሳትብን ለያንዳንዱ አንድ ባቄላ እናስቀምጣለን። አንድ ጠዋት ባቄላ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሄድኩና የክፍሉ በር ላይ ተቀመጥኩ። አስተማሪዋ ወደ አንዱ ክፍል በዞረች ቁጥር ለዚያ ክፍል አንድ አስቀምጣለሁ። ለዕረፍት ሲደወል ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት።

"ለአንደኛ ክፍል ሃያ፣ ለኛ ዘጠኝ።"

"እማማ፣ ትንንሾቹ ገና እርሳስ መያዝ አይችሉም። የርስዎ ልጅ ግን ብቻዋን ትሠራለች።"

"የልጄን ድርሻ ሰርቀሽ በሷው ታስተምሪያለሽ" አልኳት። አስተማሪን አንቺ ብዬ።

ከኋላ አንዱ "ባቄላ ሊሸጡላት ነው" አለና ክፍሉ በሳቅ ሞላ። የልጅ ልጄ ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች።

በዚያው ሳምንት ትልቁ ትምህርት ቤት አስገባኋት። እዚያ ሁለተኛ ክፍል ለብቻው ነው። ፍርድ አላጣምም፤ መጽሐፍ አለ፣ ትምህርቱም በተራው ይሄዳል፣ ማንም የማንንም ሰዓት አይሻማም። ግን አንድ ወንበር ላይ አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ከወራት በኋላ ስለሷ ልጠይቅ ብሄድ አስተማሪው "የትኛዋ ናት?" ብሎ ስሟን ከዝርዝሩ ላይ ይፈልግ ጀመር። እሷም ቤት ውስጥ ጮክ ብላ ማንበብ ትታለች።

"ምነው ዝም አልሽ?"

"ማንን ላስነብብ፣ እማዬ?"

ሦስት ቀን እግሬ እምቢ አለኝ። በአራተኛው ወደ ቆርቆሮው ክፍል ሄጄ፣ ልጆቹ ሳይወጡ ገባሁ። ስድቡ በነሱ ፊት ነበርና ይቅርታውንም በነሱ ፊት ጠየቅሁ። የተሳደብኩበት አፌ እንዴት እንደከበደኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ ለመንኳት፤ "ልጄን ይመልሱልኝ፣ እመቤቴ።"

ጠመኔዋን አስቀመጠች። በኔዋ ልጅ ቦታ ላይ ሻሽ ያሰረች፣ እጇ በሳሙና የሻከረ ልጅ ተቀምጣለች።

"ይቅር ብያለሁ፣ እማማ። ይቺ ሰው ቤት እየሠራች ነው የምትማረው፤ ቦታ እስኪገኝ ብዙ ጠብቃለች። ተነሺ ልበላት?"