የወተቱ ወጪ

ሮቤ ከተማ፣ ቤቴ ውስጥ የገበያ ነጋዴ እናቶችን ልጆች ቀን ቀን አቆያለሁ። ግብሩ ከበደኝና የልጆቹ ወተት ወጪ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ እንዲቀነስልኝ ጠየቅሁ፤ ካልሆነ ማቆያውን መዝጋቴ ነበር። ከግብር ቢሮ አንድ ወጣት ሊያይ መጣ። ከንጋት ጀምሮ ስላልተቀመጥኩ እግሬ ዝሏል። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ወተት ይጠጣሉ።

«አዴ፣ የራስዎ ልጅ የሚጠጣው እንደ ሥራ ወጪ አይያዝም። የእርስዎ የትኛው ነው?» አለኝ።

ሁሉም «እማ» ይሉኛል፤ ብዋሸው አያውቅብኝም ነበር። አላህ ግን ያያል። ጥግ ያለችውን ልጄን አሳየሁት። እሷም ኩባያዋን ጨርሳ የጎረቤቷን ሳበች።

«ኧረ ይቺስ የሁለት ሰው ነው የምትጠጣው!» ብሎ ሳቀ። የእሷን ትቶ የሌሎቹን ወተት በወጪነት ያዘልኝ።

ሲወጣ ኩባያዎቹን ሳላነሳ ልጆቹ መሃል ጋደም አልኩ። አልሐምዱሊላህ።