ከድልድዩ ጀርባ ያለችው ልጅ

ወንድሜ ኦስቪን በጋዜጣ «ያልተገራው ሠዓሊ» ተብሎ ሲጻፍ ሳይ ደሜ ይፈላል። ማን ነው ያልተገራ? ያደግነው ድሬስደን ውስጥ፣ ፍሪድሪሽሽታት በሚባለው የባቡር ጭስ የማያጣው ሰፈር ነው። አባታችን የባቡር ፍሬን ያዥ ነበር፤ ገበታ ላይ ክርናችንን ካስደገፍን በማንኪያ ይመታን ነበር። ኦስቪን ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ቤት ቀቢ ዘንድ ገባ። ጣሪያ ሲቀባ አንጋጦ እየዋለ ማታ አንገቱን ማዞር ያቅተው ነበር። እኔ ታላቅ እህቱ ቀደም ብዬ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ልብስ ተኳሽ ሆኛለሁ። ዛሬም እዚያው ነኝ።

በኋላ ከተማሪዎች ጋር ገጠመ። ሕንፃ መንደፍ የሚማሩ የደኅና ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ሥዕል የሞተ ነው ይላሉ። ባዶ ሱቅ ተከራይተው፣ ቀለሙን በቤንዚን እያቀጠኑ፣ ሰውን በሩብ ሰዓት ስለው ይነሣሉ። ሰማዩ ቀይ፣ የሰው ፊት አረንጓዴ ነው። ድህነትም ደስ ይላቸው ነበር፤ እሑድ ሲሆን ግን ጥብስ ሊበሉ ወደየእናታቸው ቤት ይሄዳሉ። ኦስቪን የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። እኔ ዘንድ ደግሞ ያለው ድንችና የተልባ ዘይት ነው።

ሸራ መግዣ ስላልነበረው የሠርጌን አንሶላ ሰጠሁት። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰፊ አንሶላ ምን ይሠራልኛል? ልጄን ትሩድልን የሳላት በእሱ ላይ ነው። በበጋ ነበር። የከሰል ሣጥን ላይ ተቀምጣ የዱር እንጆሪ ትበላለች፤ አንዴ እግሯን ታወዛውዛለች፣ አንዴ ትንፈራገጣለች። አርፈሽ ተቀመጪ ስላት ኦስቪን እኔኑ ዝም አሰኘኝ። ሲጨርስ አየሁት፤ ፊቷ ቢጫ፣ ጉንጯ አረንጓዴ፣ አፏ ሐምራዊ።

«ምነው ኦስቪን፣ ልጄን እንቁራሪት አደረግካት እኮ» አልኩት።

«እትዬ ሰልማ፣ እኔ የሳልኩት ሳቋን ነው። የሳቅ ቀለም ይሄ ካልሆነ የትኛው እንደሆነ ንገሪኝና ልቀይረው።»

ትሩድል ሥዕሉ ፊት ሄዳ ምላሷን አወጣችበት። እሷ ራሷን ዐውቃለች።

በእኛ ሰፈር ልጅ ፎቶግራፍ የሚነሣው ትምህርት በሚጀምርበት ቀን ነው። በፋሲካ ሰሞን፣ እንደ ጥሩምባ ተጠቅልሎ ከረሜላ የተሞላ ትልቅ ወረቀት ታቅፎ ይቆማል። ከዚያ በፊት ፎቶ ቤት የሚሄድ ሰው አባካኝ ይባላል። እኔም አባካኝ መባል አልፈለግኩም፤ ፋሲካን ጠበቅኩ። ትሩድል በየካቲት ጉሮሮዋን ታማ ሞተች። ከእሷ የቀረኝ መልክ ያ ቢጫ ፊት ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ማየት አልቻልኩም ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣልኝ ልክ እንደዚያው ሆና ነው።

በዓመቱ ኦስቪን እያፈረ መጣ። ጨርቅ አልቆበታል፤ በአንሶላው ጀርባ ልሣልበት ወይ አለኝ። ጓደኞቹም ሲቸግራቸው ሁለቱንም ፊት ይስሉ ነበር። ሣል፣ እሷን ግን እንዳትነካብኝ አልኩት። የባቡሩን ድልድይ ሣለበት። አንድ ባርኔጣ ሻጭ መስኮቱ ላይ ሲሰቅለው የሰፈሩ ሰው መሳለቂያ አደረገው። አንዱ ጌታ በጃንጥላው እየጠቆመ፣ ይሄን የሳለው ሰውዬ እጁን ምን ነክቶት ነው በእግሩ የሳለው ብሎ ጠየቀ። ኦስቪን አጠገቡ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ያልተገራው ወንድሜ የወታደር ልብሱን ቁልፎች ሁሉ ቆልፎ፣ በሰልፍ፣ እንደታዘዘ ሄዶ ሞተ።

አሁን ደግሞ ያ ሁሉ የሳቀ ከተማ ድልድዩን ካላየሁ ይላል። ለሙዚየም ሥዕል የሚሰበስበው ዶክተር ላይስነር የኦስቪን ሚስት አልቪነ ቤት ድረስ መጥቶ ገዛው። እሷን አልወቅሳትም።

«እትዬ፣ ልጆቼ የድንች ልጣጭ ነው የሚበሉት» አለችኝ። «ደግሞ የሸጥኩት ድልድይ ነው፤ ትሩድልን አልሸጥኩም።»

ይሁን ብዬ ነበር፤ ሙዚየም ሄጄ እንዲያዞሩልኝ እለምናለሁ ብዬ። ቀጥላ የነገረችኝ ነው ያስነሣኝ። ጨርቁ ስለሳሳ ከጀርባው አዲስ ሸራ ሊለጥፉበት ነው። ጀርባው ማለት ልጄ ናት።

ሙዚየም ስሄድ ዶክተሩ በጨዋ ደንብ አስቀመጠኝ። የሚናገረው በለስላሳ ድምፅ ነው፤ እንደዚያ የሚናገር ሰው ላይ መቆጣት ይከብዳል። ሥዕሉ ካልተለጠፈ ዐሥር ዓመት አይቆይም አለኝ። እሺ፣ ለምን ድልድዩ ላይ አትለጥፉም አልኩት። ፈገግ አለ።

«ወይዘሮ፣ የጀርባው እኮ ያልተጠናቀቀ ሥዕል ነው» አለኝ።

«ልጄም አልተጠናቀቀችም ነበር» አልኩት። «ስድስት ዓመት አልሞላትም።»

ሥዕሏን ፎቶግራፍ እናስነሣልዎታለን አለ። ፎቶግራፍ ግራጫ ነው። ያ ፊት ቀለሙን ካጣ የማንም ልጅ ፊት ነው፤ ይህንንም ነገርኩት። በመጨረሻ የሙዚየሙን ሰዎች ሳላማክር ምንም አይደረግም ብሎ እጄን ጨብጦ ሸኘኝ። አመንኩት። እጅ የጨበጠኝን ሰው ማመን ልማዴ ነው።

በሳምንቱ ለጥንቃቄ ያህል ኖአክ የሚባለው ፍሬም ሠሪ ዘንድ ጎራ አልኩ፤ ሸራውን የሚለጥፈው እሱ ነው። ድልድዩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ኖአክ ሲያየኝ ቆቡን አወለቀ።

«አትቀየሚኝ እታለም፣ ያጣደፉኝ እነሱ ናቸው። ለጥፈን በካውያ ተኩሰን ጨርሰነዋል።»

በካውያ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አንሶላ ስተኩስ ኖሬ፣ ልጄን በገዛ አንሶላዬ ላይ ሌላ ሰው ተኮሳት። ፎቶ አንሺውስ አልኩት። የመጣ ፎቶ አንሺ የለም አለኝ።

ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ ንዴቱ ቀደመኝ። የለጠፋችሁበት ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት። ዱቄትና ሙጫ ነው አለ።

«ይለቃል?»

«በውኃ አርጥቦ ቀስ ብሎ የሚልጥ ሰው ካገኘ ይለቃል። እኔ ግን እንጀራዬ ነው፣ አልነካውም።»

ንካልኝ አላልኩትም። እሱም ልጆች አሉት። ሥዕሉን አዙርልኝና ከሰል ስጠኝ አልኩት። ምን ልታደርጊ ነው አላለኝም። አዞረልኝ፣ ከሰሉንም ሰጠኝ፣ ከዚያ በር ላይ ሄዶ መንገዱን ማየት ጀመረ።

አዲሱ ሸራ ነጭ ነው። ጽሕፈት አይሆንልኝም፤ ፊደሎቼ የሕፃን ናቸው። ትልልቅ አድርጌ ጻፍኩ፦ «ከዚህ ሥር ትሩድል አለች። ስትስቅ ነው። በውኃ ይለቃል፤ ስትልጡ ቀስ በሉ። እናቷ ሰልማ።»

«ዶክተሩ ካየው ማን ጻፈው ልበል?» አለ ኖአክ ከበሩ ሳይዞር።

«ስሜን ጽፌበታለሁ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ሥዕሉ ሙዚየም ተሰቅሏል። ሰዎች ፊቱ ቆመው ስለ ድልድዩ ድፍረት ያወራሉ። ጽሑፌ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ እስካሁን ማንም አላነበበውም። አንድ ሰው ያነበበው ቀን ግን የሙዚየሙ ሰዎች አላወቅንም ማለት አይችሉም።