«ማን አየ?» የሚሉት አጎቴ

ወሬ ይዞ ለመጣ ሁሉ የአጎቴ መልስ አንድ ነበር፤ «ማን አየ?» መሳለሚያ ባለው የልብስ ስፌት ቤታቸው ጀርባቸውን ለግድግዳ፣ ፊታቸውን ለበሩ ሰጥተው ነበር የሚሰፉት። ጊዜው የደርግ ነውና እኔን የወንድማቸውን ልጅ እንኳ በጥርጣሬ ነበር የሚያዩኝ።

ከጓሮው ክፍል አብረዋቸው የሚሠሩ ሁለት ወንድ ልብስ ሰፊዎች ይኖሩ ነበር። አንደኛውን በጥቁረቱ ሰፈሩ «ባሪያ» ይለዋል። ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት እንደሚዋደዱ አንድ ቀን ሳላስበው በዓይኔ አይቻለሁ።

አጎቴ ሁለቱን እንደ አንድ ቤተሰብ እድር ላስመዝግብ ብለው ተነሡ። በእድሩ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው፣ «አንዱ ባሪያ ነው። ደግሞ ነውረኞች ናቸው ይባላል። ማን ይቀብራቸዋል?» አለ።

«ማን አየ?» አሉ አጎቴ። «ቤታቸው አንድ፣ ድስታቸው አንድ ነው። እነሱ ካልተመዘገቡ የእኔንም ስም ሰርዙት።»

ስብሰባው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ የቤቱ ሰው ነኝና። ዝም አልኩ። ተመዘገቡ።

ስንመለስ፣ «አይተሻል አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። ያመኑኝ አልመሰለኝም። «ፍርሃትም ቢሆን ለዛሬ ይበቃል» አሉ።

አጎቴ ሲያርፉ የእድሩን ድንኳን የተከሉት እነዚያ ሁለቱ ናቸው። ከአጎቴ ስፌት ቤት አምጥተን ድንኳኑ ውስጥ ባኖርናት ወንበራቸው ላይ ማንም አልተቀመጠም። ቀበሌ የምትሠራ ጎረቤታችን ጠጋ ብላ፣ «እነዚህ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ነው የሚኖሩት አሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

ባዶዋን ወንበር አየሁ።

«ማን አየ?» አልኳት።